እሳት የማያቃጥለው እጅ

እናንተዬ፣ እሳት አያቃጥላትም የምትባል ሴት አለች ቢሏችሁ ምን ትላላችሁ? ውሸት ነው ትሉ ይሆናል። ያቺ ሴት እኔ ነኝ፤ እናኑ ወጥ ሠሪዋ። ወረታ መናኸሪያ ወርዳችሁ ለባጃጅ ሹፌር ስሜን ብትጠሩለት፣ ሰፈሩን ሳይጠይቅ ቤቴ ያደርሳችኋል። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ስለ ዝናዬ አይደለም። ዝናዬ ራሱ በሽታዬ እንደነበረ ስላወቅሁባት አንዲት የሰርግ ቀን፣ በዚያች ቀንም ስላየኋቸው ሁለት ሰዎች ነው።

ያኔ ሥራዬ የድግስ ወጥ መሥራት ነበር፤ አሁንም ነው። ከወረታ ከተማ አንስቶ እስከ ርብ ወንዝ ዳር ድረስ ባለው የፎገራ ሜዳ፣ ልጅ ሲዳር፣ ተዝካር ሲወጣ፣ ንግሥ ሲደርስ የምጠራው እኔ ነኝ። አፌ ትንሽ ስለታም ነው፤ ይህን አልክድም። ሽንኩርት በትልልቁ የከተፈች ሴት ከእኔ ጋር ከዋለች፣ ስታለቅስ የምትውለው በሽንኩርቱ ብቻ አይደለም።

ሰው የሚያወራው ግን ስለ አፌ ሳይሆን ስለ እጄ ነበር። ሌሎቹ ጨርቅ ደራርበው የሚያነሱትን የሚንተከተክ ድስት፣ እኔ በባዶ እጄ ከጉልቻው ላይ ብድግ አደርገዋለሁ። ፍም ከምድጃ ቢወድቅ በጣቴ አንስቼ እመልሰዋለሁ። ቆዳዬማ ይላጥ ነበር፤ ግን ስለማያመኝ ቅቤ ቀባ አድርጌ እረሳዋለሁ። በክረምት ሩዝ ስናርም ውሃው ጉልበታችን ይደርሳል። አልቅት ክንዴ ላይ ተጣብቆ ደሜን ሲመጠኝ የምትነግረኝ አጠገቤ ያለችው ሴት ነበረች። «አንቺ እኮ እንጨት ነሽ!» ትለኛለች፤ ተሳስቀን እናልፈዋለን።

ነገሩ ስም ያወጣው በአንድ የታኅሣሥ ገብርኤል ንግሥ ነው። መልአኩ ሦስቱን ሕፃናት ከእሳት ያወጣበት በዓል መሆኑን ታውቃላችሁ። የማኅበሩን የሽሮ ድስት ሳማስል ድስቱ አዘነበለ፤ በሁለት እጄ ቀጥ አድርጌ ያዝኩት። ሽሮው በክንዴ ላይ ሲወርድ የንስሐ አባቴ ቄስ አድማሱ ቆመው ያዩ ነበር። ቀረብ ብለው እጄን ገልብጠው ተመለከቱት፤ እኔ እንኳን ልጮህ ቅንድቤም አልተነቃነቀ። ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ «ሕፃናቱን ከእሳት ያወጣ መልአክ የዚህችን ልጅ እጅ ጎብኝቶታል። የተባረከ እጅ ነው!» አሉ። ሕዝቡ በእልልታ አቀለጠው። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ወዲያ ልጁ የታመመበት ሰው ሁሉ እጄን በልጁ ራስ ላይ እንዳሳርፍለት ይለምነኝ ጀመር።

እየቆየ ሌላ ሌላ ነገርም መጣ። ብርጭቆ ከቀኝ እጄ ይሾልካል። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሀል ያለው ሥጋ ጎደጎደ። ስስል፣ ሳስነጥስ፣ በሳቅ ስፈርስ ማጅራቴን ፍልጥ ያደርገኛል። ለማጅራቴ ጠበል ተጠመቅሁ፤ ለእጄ ግን እኔም፣ ባለቤቴ ምናለም፣ ጎረቤቱም ምንም አላሰብንም። በረከት ይታከማል እንዴ?

ያቺ ቀን የጥር ናት። ቄስ አድማሱ የመጨረሻ ልጃቸውን ለአንድ የአንበሳሜ ከተማ ልጅ ዳሩ። ሩዙ ታጭዶ ተወቅቶ፣ ገለባው በየደጁ ተቆልሎ፣ ከብቱ በቃርሚያው ላይ ተለቆ ነበር። ዳሱ ከቤታቸው ፊት ለፊት ተጥሏል፤ የእኔ ማድቤት ደግሞ ከዳሱ ጀርባ በቅጠል የተከለለ ነው። ከጎህ ጀምሬ ስጥድና ሳወርድ አረፈድኩ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ሰርገኛው በጭፈራ ገባ። አሳላፊዎቹ እንጀራውን ዘርግተው «ወጥ! ወጥ!» ይሉ ጀመር። እኔም በግራ ክንዴ ተደግፌ ቀዩን ወጥ ለመጨረሻ ጊዜ ሳማስል፣ የሚያር ሥጋ ሸተተኝ።

«ማናት ሥጋ የምታሳርር? አፍንጫ የላችሁም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንደኛዋ ፊቷ አመድ መስሎ፣ «እት እናኑ… እጅሽ!» አለች።

ዝቅ ብዬ አየሁ። የግራ ክንዴ በድስቱ ጠርዝ ላይ ተጋድሟል። ብድግ ሳደርገው ቆዳዬ ከብረቱ ላይ ቀረ። የሸተተኝ የራሴው ሥጋ ነበር። በስመ አብ! እንደዚያ ቀን ክው ብዬ አላውቅም። ሌላ ጊዜ ትንሽ ይላጣል፤ ያን ቀን ግን ሥጋዬ እየተጠበሰ እኔ ስለ ጨው አስብ ነበር።

ጩኸቱን ሰምተው ከሙሽራው ወገን የመጡ አንዲት ትልቅ ሴት ወደ ማድቤቱ ገቡ። ክንዴን አዩ። የድሮ ጠባሳዬን አዩ። የጎደጎደውን ቀኝ እጄንና መታጠፍ የጀመሩትን ጣቶቼን አዩ። ከዚያ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«እናንተ ሰዎች፣ ይህ እኮ ሥጋ ደዌ ነው! እጅ ተቃጥሎ የማያመው ሌላ ምን ሆኖ ነው? እቺን ነው ወጥ ያሠራችሁብን?»

ወሬው ከእኔ እግር ቀድሞ ዳስ ገባ። ጭፈራው ቆመ። ወጥ የወጣላቸው እጃቸውን ከገበታው ሰበሰቡ፤ ያልወጣላቸው አሳላፊውን በእጃቸው መለሱት። በቅጠሉ መሀል አጮልቄ ሳይ፣ ባለፈው ክረምት ልጁን እንድዳስስለት ደጄ የተንበረከከው የአገሬ ሰው አፍንጫውን በጋቢው ይዟል። ሙሽሪት አንገቷን ደፍታለች።  የሠራሁት ወጥ ሳይበላ ከተደፋ እኔ ዳግመኛ ድስት አልጥድም፤ ፎገራ ላይ ማን ይጠራኛል? እንጀራዬ እጄ ነው። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ።

በዚህ መሀል ጥቁር ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ደረቱ ላይ አበባ የሰካ ሚዜ ገባ።

«እትዬ፣ እኔ ሐኪም ነኝ። ክንድዎን ልየው» አለኝ።

«አንተ ሚዜ ነህ! ሂድና ሙሽራህን ጠብቅ!» አልኩት። በዚያ ሰዓት የሚቆጣ አፍ እንጂ የሚያመሰግን አልነበረኝም።

«ሙሽራው የትም አይሄድም፤ ታስሮልናል» አለና ሳቅ ብሎ ከአመዱ ላይ ተንበረከከ። ሱሪው አላሳሰበውም። ስሙ ቢያድግልኝ እንደሚባል፣ ባሕር ዳር እንደሚሠራ ኋላ ነው የሰማሁት። አንዲቷ ቅቤ ይዛ ስትመጣ በእጁ ከለከላትና ክንዴን በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ አጠበው። ካጠበው በኋላ ወዲያው ሸፍኖ አልሄደም፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ አየ። አውራ ጣቴን እንድገፋበት አዘዘኝ። ግንባሩን ቋጠረ።

«ሲስሉ ማጅራትዎን ያምዎታል?»

«ማን ነገረህ?»

«ሲስቁስ?»

«ኧረ ማን ነገረህ? ምናለ ነው የነገረህ?» ባለቤቴ ምናለ ድስቱ አጠገብ እንደ ግንድ ቆሟል፤ እኔ አይደለሁም ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ዶክተሩ ከሴቶቹ ጥጥ ለመነ፤ ከአሳላፊ ደግሞ ስቴኪኒ ተቀበለ። «ዓይንዎን ይጨፍኑ። የነካሁዎትን ይንገሩኝ» አለኝ። ጨፈንኩ።

«ምን ነካዎት?»

«ጥጥ።»

«አሁንስ?»

«ጥጥ።»

«አሁንስ?»

«ጥጥ ነው እያልኩህ!»

ሴቶቹ በድንጋጤ «እ!» አሉ። ዓይኔን ገለጥኩ። ስቴኪኒውን ክንዴ ላይ ተክሎት ደም ብቅ ብሏል። መነካቱን አውቄዋለሁ፤ መውጋቱን አላወቅሁትም። ቀጥሎ የቀዘቀዘ የለስላሳ ጠርሙስና ትኩስ ሻይ የያዘ ብርጭቆ በየተራ አስነካኝ። ሁለቱም ያው ናቸው። ሁለቱን ክንዶቼን፣ ትከሻዬን ሳይቀር እንዲሁ ፈተነኝ። መጨረሻ ላይ እግሬን ቢወጋኝ «ውይ!» ብዬ ዘልዬ ልጠልዘው ነበር።

«እሰይ!» አለ ዶክተሩ፤ ደስ ብሎት።

ቄስ አድማሱ ለካ ከኋላችን ቆመው ያያሉ። ልጃቸውን የሚድሩበት ካባ ላያቸው ላይ ነው። «ምንድን ነው ያገኘኸው ልጄ?» አሉት።

እሱም እየተንበረከከ እንዳለ አስረዳቸው። «አባቴ፣ ሰው ሲነካ የሚያውቅበትና ሲታመም የሚያውቅበት መንገድ በህብለ ሰረሰሩ ውስጥ ይለያያል። የእት እናኑ የሕመሙ መንገድ ተዘግቷል፤ የንክኪው ክፍት ነው። እንዲህ የሚያደርግ በሽታ አውቃለሁ። አንጎላችንንና ህብለ ሰረሰራችንን የሚያጥብ ንጹሕ ውሃ አለ፤ ይወርዳል፣ ይወጣል። ማጅራት ላይ መንገዱ ሲጠብበት፣ ህብለ ሰረሰሩ መሀል ገብቶ ይጠራቀማል። ከረጢት ይሠራና ነርቩን ከውስጥ እየገፋ ይጎዳዋል።»

«እንደ ርብ ማለትህ ነው? መውጫ ሲያጣ ማሳችን ላይ እንደሚተኛው?»

«ልክ እንደዚያ አባቴ።»

«ባትታከምስ?»

«እየሰፋ ይሄዳል። መጀመሪያ እጃቸው ይሰንፋል። ቀጥሎ እግራቸው።»

እኚያ ትልቅ ሴት ግን አልረኩም። «ሥጋ ደዌ አለመሆኑን ትምልልናለህ?» አሉት። ዳሱ በሙሉ ጆሮውን ጥሎ ነበር። እኔ በልቤ ማልላቸው፣ ማልላቸውና ገላግለኝ እላለሁ።

«አልምልም እማማ» አለ። «በመሣሪያ ሳይታይ የሚምል ሐኪም ዋሾ ነው። አይመስለኝም። ቢሆንስ? መድኃኒት አለው፤ ይድናል። አብሮ በመብላትም አይተላለፍም።»

በዚያ ሰዓት ተናደድኩበት። ዛሬ ሳስበው ግን ከዚህ ቃሉ የሚበልጥብኝ የለም። የጓደኛው ሰርግ ነው፤ አንዲት ውሸት ተናግሮ ሁሉን ዝም ማሰኘት ይችል ነበር። እሱ ግን ለእኔም፣ ለእሳቸውም፣ ሥጋ ደዌ ላለበት ሰውም በአንዴ እውነቱን ተናገረ።

ሰው ግን አልበላም። አልምልም ማለቱን እንጂ ሌላውን ማን ሰማው? ቄስ አድማሱ ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ከዚያ ወደ ዳሱ ገቡና፣ «እናኑ፣ ነይ ወዲህ። ድስቱንም አምጡት» አሉ። ተከተልኳቸው። የተቃጠለ ክንዴን በነጠላዬ ልሸፍን ስል፣ «ግለጪው» አሉኝ። ገለጥኩት።

«ስሙኝ» አሉ። ድምፃቸው ቅዳሴ ላይ እንደሚሆነው ከፍ አላለም። «የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ይህ እጅ ተባርኳል ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። የታመመ እጅ አይቼ ተአምር አልኩት። እናንተም አመናችሁኝ፤ እሷም አመነችኝ። በእኔ ቃል ይህች ልጅ ሳትታከም ይህን ሁሉ ዘመን ቆየች። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሚጸየፍ ሰው ካለ እኔን ይጸየፈኝ፤ እሷን አትንኩብኝ።»

ቄስ በሕዝብ ፊት፣ ያውም በገዛ ልጁ ሰርግ፣ ተሳስቻለሁ ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። 

«አጉርሽኝ» አሉኝ ዞረው።

«አባቴ፣ እኔ እርስዎን? በዚህ እጄ?»

«በዚያው እጅሽ። ራበኝ እኮ!»

እንጀራ ቆርሼ ከወጡ ጠቀለልኩ። የቀኝ እጄ ጣቶች አልጨብጥ አሉ፤ ከጉርሻው እኩሌታው ጺማቸው ላይ ፈሰሰ። አልጠረጉትም። ዓይናቸውን ከእኔ ሳይነቅሉ ቀስ ብለው አኘኩ፤ ዋጡ። ሁሉ ሰው አፋቸውን ያያል።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

«ጨው አላነሰውም!» ብዬ አንባረቅሁ። አፌን የት ላድርሰው? በሥራዬ መጡብኛ!

ዳሱ በሳቅ ፈነዳ። ቄስ አድማሱ ራሳቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ፤ ማጅራቴ ፍልጥ አለኝ፤ ቢሆንም ሳቅሁ። ዶክተር ቢያድግልኝ ቀድሞ እጁን ወደ ገበታው ሰደደ፣ ሙሽሪት ተከተለችው፣ ከዚያ ሰው ሁሉ በላ። እኚያ ትልቅ ሴት ከሁሉ በኋላ በሉ። ወጡ ጣፍጧቸው ደገሙ፤ አይቻቸዋለሁ።

ሰርጉ ሲበተን ቄስ አድማሱ ምናለን ጠርተው፣ «ይዘሃት ባሕር ዳር ትሄዳለህ» አሉት። ምናለ ሩዝ መፈልፈያ ቤት የሚሠራ፣ ከማሽኑ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ የማያወራ ሰው ነው። ያን ቀን ግን እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ፣ «አንገቷን ቀደው ሽባ ቢያደርጉብኝስ አባቴ?» አላቸው። እሳቸውም አይዞህ ምንም አትሆንም አላሉትም፤ ከዶክተሩ ተምረው ይመስለኛል። «አላውቅም ልጄ። እኔ አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አሉት። ሄዱም። የልጃቸው መልስ ገና ሳይጠራ፣ የሰርግ እንግዳቸውን ትተው ከእኛ ጋር ሚኒባስ ላይ ተሳፈሩ።

ኤም አር አይ የሚሉት መሣሪያ ውስጥ ገባሁ። እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። ሥዕሉ ሲወጣ ዶክተር ቢያድግልኝ ያለው ሆኖ ተገኘ። የአንጎሌ ጫፍ ወደ ማጅራቴ ወርዶ የውሃውን መንገድ ወትፎታል፤ ህብለ ሰረሰሬ መሀል ከአንገቴ እስከ ደረቴ ረዥም የውሃ ከረጢት ተጋድሟል። የሚቀደኝ ሐኪም ቁጭ አድርጎ ነገረኝ። «የጠፋብሽ ስሜት ላይመለስ ይችላል። የምንቀድሽ የቀረሽ እንዳይጠፋ ነው። አደጋም አለው።» ምናለ መሬት መሬት ያያል። እኔ እጄን አየሁት። ይህ እጅ ማማሰያ መያዝ ካቃተው እኔ ማን ነኝ? «ቅደደኝ» አልኩት።

ስነቃ «እግርሽን አንቀሳቅሺ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንቀሳቀስኩት። ምናለ ከአልጋው ግርጌ ሆኖ እግሬን በነጠላው ላይ ሳመው። ቁስሌ ጠገግ ሲል አንድ ቀን ሳል መጣብኝ። እንደ ልማዴ ማጅራቴን በእጄ ይዤ፣ ጥርሴን ነክሼ ሳልኩ። ምንም የለም። አላመንኩም። አውቄ ደግሜ ሳልኩ፤ ምንም! እንደገና ስስል ምናለ «ምን ሆንሽ?» ብሎ ብድግ አለ። «ዝም በል፣ እየሳልኩ ነው!» አልኩት።

ወገኖቼ፣ ሙቀትና ሕመም ወደ ክንዴ እስካሁን በደንብ አልተመለሰም። እጄ ግን መስነፉን አቁሟል፤ ከረጢቱም ጠቦ በሥዕል አይቼዋለሁ። ዛሬ ድስት ሳነሳ ጨርቅ እደራርባለሁ፤ ውሃ ሞቀ ቀዘቀዘ ብዬ በእግሬ ነው የምለካው፤ ሳቁብኝ። ያ ቀን የለወጠኝ ግን እጄ ላይ ብቻ አይደለም። ስለ ማላውቀው ነገር አላውቅም ማለትን ከአንድ ሚዜ፣ ተሳስቻለሁ ማለትን ከአንድ ቄስ ተማርኩ። ሁለቱም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስማቸውን አስይዘው እኔን አወጡኝ። እናንተም ሊያማችሁ ሲገባ የማያማችሁ ነገር ካለ አትኩራሩበት። ሕመም አለመሰማት ጤና አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ታዩ።

ይህንኑ ቄስ አድማሱ በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ይናገሩት ጀመር። «እጁ እግሩ ሲቃጠል ሲወጋ የማያመው ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ፣ ወይ ወደ እናኑ ይሂድ» ይላሉ። ይህን የሰማች አንዲት ሴት ከሜዳው ማዶ በእግሯ መጥታ ደጄን አንኳኳች። እጆቿን በነጠላዋ ሸፍናለች። ሰው አለመኖሩን ዞር ዞር ብላ አይታ፣ «እት እናኑ፣ እኔም አያመኝም» አለችኝ። ባጃጅ ጠርቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። መንገዱን ሙሉ «አይዞሽ፣ የእኔው ነው» እያልኩ አጽናናኋት።

የእኔው አልነበረም። የእሷን መርምረው ሥጋ ደዌ ነው አሉን። ስንመለስ ባጃጇ ውስጥ ጥግ ይዛ ታየኛለች፤ ፈቀቅ እል እንደሆን እየጠበቀች። «ወዲህ ጠጋ በይ፣ በሩ አይዘጋም፤ ትወድቂያለሽ» አልኳት። ተጠጋች፤ እስከ ቤቴ ትከሻዬ ላይ ስታለቅስ መጣች።

መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ጨርሳ ድናለች። የሺ ትባላለች። ስሜን ተናገሪው፣ አትደብቂው ያለችኝ ራሷ ናት። ጣቶቿ ትንሽ ቢታጠፉም፣ እንደ እሷ ሽንኩርት የሚያደቅ ሰው በፎገራ አላየሁም፤ እኔ ይህን የምለው ለማንም አይደለም። ድግስ የሚጠራኝ ሰው ሲመጣ ከዋጋው በፊት የምነግረው ስለ የሺ ነው። ሽንኩርቱን የምትከትፈው እሷ ናት፤ ሥጋ ደዌ ይዟት ነበር፤ ካልተስማማህ ሌላ ወጥ ሠሪ ፈልግ እለዋለሁ። አንዳንዱ መሬቱን በዱላው ይጫጭራል። ሌላ ሊፈልግ የሄደ ግን እስካሁን የለም።